ኦኬ የሚል ስልክ

ሃዊ ከፈረንጅ ፊደል የምታውቀው ሁለቱን ብቻ ነው። እነሱንም ያስተማራት ሸሚዝ ነው። አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ተሰፍቶ ያለቀውን ሸሚዝ ታገላብጣለች፤ ክሩ ካልተመዘዘ፣ ቁልፉ ካልጎደለ፣ አንገቱ ላይ ኦኬ የሚል ወረቀት ትለጥፋለች። ኦኬ ያልተባለ ሸሚዝ ከበር አይወጣም።

ቃሉ ግን ሸሚዝ ላይ አይቀርም። አለቃዋ ጮክ ብሎ «ኦኬ! ኦኬ!» ካለ ፍጠኑ ማለቱ ነው። ቀስ ብሎ «ኦኬ» ካለ አንዷ ልትባረር ነው። የባጃጅ ሹፌሩ «ኦኬ?» ሲል ልሂድ ወይ ይላል። ክሊኒክ ስትሄድ ሐኪሙ የልጇን ደረት አዳምጦ «ኦኬ ናት» ይላታል፤ ሃዊም ስትፈራ የከረመችውን ሁሉ እዚያው ጥላ ትወጣለች።

አሁን ደግሞ ቃሉ ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል። በሞተ ሰው ፈንታ መልስ ይሰጣል።

ወንድሟ ቀነዓ ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሚስቱ እናትነሽ ወንድ ልጅ በወለደች ሳምንት ከመተሃራ ወዲያ መኪናው ተገለበጠ። ወስደው ሻሸመኔ፣ አባቱ አጠገብ ቀበሩት። እናትነሽ አልተነገራትም።

«አራስ ናት» አሉ አጎቱ ኦቦ ጉርሜሳ። «ጡቷ ይደርቃል። ከአራስ ቤት ስትወጣ እኛው ሄደን እናረዳታለን። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል!»

«በስልክ ብትፈልገውስ አባባ?»

«ስልኩን አንቺ ያዢ። መንገድ ላይ ሲሆን ምን ብሎ ነበር የሚመልስላት?»

«ኦኬ።»

«እንግዲያው አንቺም እሱኑ በያት።»

ስልኩ መስታወቱ ተሰነጠቀ እንጂ ከአደጋው ተርፏል። ሃዊ ጡቷ ሥር ሸጉጣው ትውላለች። ደወለች አልደወለች እያለች ስልኩን ስትፈትሽ የመጀመሪያው መልእክት በድምፅ መጣ።

«ቀኔ፣ አትደውልልኝ እሺ? ጥሪው ልጁን ይቀሰቅስብኛል። እንዲህ በመልእክት እናውራ።»

ኦኬ።

ሃዊ «ተመስገን!» አለች። ትልቁን ጭንቅ እግዜር ራሱ አነሳላት።

ከዚያ ወዲህ የድምፅ መልእክቱ የሚመጣው በሻይ እረፍት ነው። ሥራ ላይ ስልክ ማውጣት ክልክል ስለሆነ ይህንንም እንደ ተአምር ቆጠረችው።

«ቆርቆሮው ያፈሳል፤ ሰው ልጥራ?»

ኦኬ።

«ምሳህን አትዝለል። የምትከሳ ይመስለኛል።»

ኦኬ።

«ልጁን ጋሮምሳ ልበለው?»

ሃዊ መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። አባቱ የሚያወጣለትን ስም እሷ በሁለት ፊደል ልታጸድቅ ነው። እንባዋ መስታወቱ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ስልኩ አልታዘዝ አላት። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው።

ኦኬ።

ከሥራ ስትወጣ እናትነሽ ጋ ጎራ ትላለች። እዚያ የምትፈራው የእናትነሽን ጎረቤት ፋኢዛን ነው። አራሷን የምታርሳት እሷ ናት፤ አፏ ግን ወንፊት ነው።

«ስሚ ሃዊ፣ ይሄ ወንድምሽ በቀቀን ሆነ እንዴ?» አለች አንድ ቀን አጥሚቱን እያማሰለች። «ብትመርቀው ኦኬ፣ ብትረግመው ኦኬ! ለሁሉም ኦኬ የሚል ባል ሌላ ቦታ ሌላ ጎጆ አለው።»

«ተይ ፋኢዛ፣ መንገድ ላይ ነው።»

«መንገድ ላይማ ነው፤ የትኛው መንገድ እንደሆነ ነው የጠፋን!»

እናትነሽ ቀና አላለችም። ልጁን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረችው። ሃዊ ያን ዝምታ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች፤ እንቅልፍም አልወሰዳት። ጠርጥራለች፣ አለች በልቧ። ሴት ይዟል ብላ አምናለች።

በማግስቱ ሻይ ሲቀዳ ስልኩ ነዘረ።

«ቀኔ፣ ሌላ ሴት አለው ይሉሃል። እውነት ነው?»

ሃዊ ስልኩን ይዛ ወደ ጥግ ሄደች። ኦኬ ብትል ማመን ነው። ዝም ብትልም ማመን ነው። በአማርኛ እንዳትጽፍ የሷ ፊደል ገና ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቀነዓ ደግሞ እስከ አሥረኛ የተማረ ነበር። ወዲያው ትለየዋለች። ሻይዋ ቀዘቀዘ። የእረፍቱ ደወል ሊደወል ነው። ከንፈሯን እስኪደማ ነከሰችው። «ወንድሜ» አለች፣ «አፈርህ ሳይደርቅ ስምህን አጠፋሁብህ።»

ስልኩ እንደገና ነዘረ።

«ተወው፣ ቀልዴን ነው። ልጁ ዛሬ ፈገግ አለ።»

ኦኬ፣ ኦኬ፣ ኦኬ። አንዱ በቂ ነበር፤ ጣቷ አልቆም ብሏት ነው።

ሲመሽ ኦቦ ጉርሜሳ እግር ላይ ወደቀች። «አባባ፣ ከዚህ በላይ አልችልም! ባሏን ተቀይማው ሳለ ሞቷል ስንላት ምን ትሆናለች? በልጁ ላይ ራሷን ብትጥልስ?»

ኦቦ ጉርሜሳ ደግፈው አነሷት። «ከአራስ ቤት የምትወጣበትም ደርሷል። እሑድ ጠዋት እናረዳታለን» አሉ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ሄዱ። ሽማግሌዎች ከፊት፣ ስትወድቅ የሚይዟት ጉልበታም ሴቶች ከኋላ፤ አንዷ ራሷን ብትስት የሚረጭ ውሃ ይዛለች። ሃዊ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሁሉም ኋላ ቆመች። ኦቦ ጉርሜሳ ሊያንኳኩ እጃቸውን አነሱና መለሱት።

«አንተ አንኳኳ» አሉ አጠገባቸው ላለው።

«ኧረ እርስዎ እያሉ!»

ማንም አልደፈረም። በዚህ መሃል የሃዊ ደረት ነዘረ። የቀነዓ ስልክ ነው። ሰው እንዳይሰማ አፍና ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው።

«ሃዊዬ፣ ልጁን አጥግቤ አስተኝቼዋለሁ። አባባ ብርድ ላይ አይቁሙ፣ ግቡ።»