የቤዙ ችግር

ቤዚስቱ፣ ማለትም የባንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች፣ የመሪውን እህት ያገባ ሰው ነው። ስለዚህ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ስለ አጨዋወቱ ክፉ ቃል ተናግሮት የሚያውቅ የለም።

ያን ሰሞን ግን የአንድ ትልቅ ሆቴል ባለቤት ባንዱን ልምምድ ላይ ሰምቶ በቋሚነት ሊቀጥር አሰበና፣ መጀመሪያ አንድ ዝግጅት ላይ ልያችሁ አለ። መሪው አማቹን ወደ ጥግ ወሰደው።

«ቤዙ ችግር አለው» አለ መሬት መሬት እያየ። «በዚህ ዝግጅት ካልተስተካከለ... ምን ልበልህ፣ ሰውየው ሌላ ሰው አምጡ ብሎኛል።»

ቤዚስቱ ብልህ ነውና ነገሩ ወዲያው ገባው። ችግሩ ፒክአፑ ነው።

ፒክአፕ ማለት ከክሮቹ ሥር ተቀብሮ ንዝረታቸውን በሽቦ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልክ፣ የሳሙና ቁራጭ የሚያህል ነገር ነው። ሚስቱ ይህን አታውቅም ነበርና «ፒክአፕ ገዛሁ» ሲላት መኪና መስሏት በመስኮት አንገቷን አወጣች። ሁለቱን ሳሙናዎች ስታይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ወንድሜ ቤዙ ነው ያለህ?»

«አዎ፣ ቤዙ።»

«እሱ እኮ ሰው ማስቀየም አይወድም» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አዲሶቹ ፒክአፖች ከአሮጌዎቹ ሰፋ ስለሚሉ በድሮው ጉድጓድ አይገቡም። ቤዚስቱ መጀመሪያ በሽንኩርት ቢላ ሞከረ። ቢላው ተሰበረ፣ ጊታሩ ላይ ጭረት ቀረ፣ ሚስቱም የምትለውን ሁሉ አለች። በማግስቱ አንድ አናጺ ዘንድ ሄደ።

አናጺው በርና አልጋ እየሠራ፣ በመሀሉ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠግን ጠንቃቃ ሰው ነው። ክሮቹን ፈታና ጊታሩን ብርድ ልብስ ላይ አስተኛው። የፒክአፑን ልክ በካርቶን ቆርጦ አወጣ። ካርቶኑን ሦስት ጊዜ አስቀምጦ፣ ሦስት ጊዜ አንስቶ፣ በመጨረሻ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመረ። ቤዚስቱ አጠገቡ ቆሞ ይቁነጠነጣል።

«በአንዴ ፈልፍለህ አትጨርሰውም?»

«እንጨት አንዴ ከተቆረጠ ወዲያ ይቅርታ አያውቅም፣ ወዳጄ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው። እኔ እንጨቱን እሠራለሁ፤ የቀረውን ሬዲዮ ጠጋኙ ወንድሜ ያየዋል። እሁድ መጥተህ ትወስዳለህ።»

ቤዚስቱ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር፤ ኪቦርዲስቱ ላይ። ከጥቂት ወራት ወዲህ የዚያ ሰውዬ ግራ እጅ ወደ ወፍራሞቹ ድምፆች እየተንፏቀቀ የቤዙን መንገድ መጫወት ጀምሯል። ልምምድ ሲያልቅ ከመሪው ጋር ይንሾካሾካል፤ ቤዚስቱ ሲጠጋ ሁለቱም ስለ አየሩ ማውራት ይጀምራሉ።

«ቦታዬን ሊወስድ ነው! በእንጀራዬ መጣ!» አለ።

አናጺው መሮውን በቀስታ እየመታ፣ የጉድጓዱን ጥልቀት በየመሀሉ በክብሪት እንጨት እየለካ፣ «እህ» አለው።

አርብ ዕለት መሪው ደወለ። ለሚቀጥለው ሳምንት የተባለው ዝግጅት ለነገ ተዛውሯል፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ቤዚስቱ አናጺው ቤት ሲደርስ ሰውየው የደንበኛ በር ሊገጥም ወጥቷል። የአናጺው ሚስት ከፈተችለት። ጊታሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አዲሶቹ ፒክአፖች በብሎን ታስረው፣ ክሮቹ በላያቸው ተወጥረው ሲያይ ልቡ ዘለለ። በእንጨቱና በፒክአፑ መካከል ፀጉር የሚያስገባ ክፍተት የለም።

«ባለቤቴ ሳይመጣ...» አለች ሴትየዋ።

«እኔ እደውልለታለሁ፣ እትዬ» ብሎ ጊታሩን እንደ ሕፃን ታቅፎ ታክሲ ውስጥ ገባ። መደወሉን ግን ረሳው።

አዳራሹ ሲደርስ ሁሉም መድረክ ላይ ቆመው እሱን እየጠበቁ ነበር። ለሙከራ ጊዜ የለም። ገመዱን ሰካና ወደ ኪቦርዲስቱ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ዛሬ እንኳን የሰው ቦታ አትንካ።»

ኪቦርዲስቱ ፈገግ አለ። ድራመሩ ቆጠረ።

ድምፁ መጣ። ድምፅ ብቻ! ወፍራም፣ ጥርት ያለ፣ ሰዓቱን የማይስት፣ ወለሉን ይዞ የሚሄድ። ቤዚስቱ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ኪቦርዲስቱ ግራ እጁን ዝቅ አድርጎ ላብ በላብ ሆኖ ሲለፋ በዓይኑ ጫፍ አየው፤ አዘነለትም። ዛሬ እሱን ማን ይሰማዋል? ሦስተኛው ዘፈን ላይ የራሱ ጣት ሁለቴ ሳተ፤ ማንም ዞር አላለም። አሮጌዎቹ ፒክአፖች ቢሆኑ በሰው ፊት ያዋርዱት ነበር። እነዚህ ግን ጨዋ ሆነው ነው የተሠሩት።

ዝግጅቱ ሲያልቅ የሆቴሉ ባለቤት እያጨበጨበ መድረክ ላይ ወጣ።

«ይሄ ነው እንጂ ቤዝ! በሉ አንድም ሰው እንዳትቀይሩ፣ እንዳላችሁ ሰኞ ትጀምራላችሁ።»

መሪው አማቹን ጥምጥም አለበት፤ ከልቡ ነበር። «አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እንደ ዛሬ ተጫውተህ አታውቅም! እህቴን ምን እላታለሁ እያልኩ ስንት ቀን ተጨነቅኩ መሰለህ!»

ኪቦርዲስቱ ግራ እጁን እያሸ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። ቅናት ነው፤ ቤዚስቱ ይቅር አለው።

በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ተደስቶ አያውቅም። ውለታ የሚረሳ ሰው አይደለምና ከአዳራሹ ደጃፍ ቆሞ ለአናጺው ደወለ።

«እጅህ ይባረክ! አዳራሹን እኮ አናወጠው! እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም!»

«የምን ድምፅ?» አለ አናጺው። «ወንድሜ እኮ ገና ነገ ነው መጥቶ ሽቦውን የሚያገናኘው።»