ጓዳ ነው

ከሰዓት መጠገኛ ሱቃችን ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። አባቴ ደቃቅ ሥራ ሲይዝ እዚያ ይቀመጥ ስለነበር፣ ደንበኛ ሲጠይቀን «ጓዳ ነው» እንል ነበር። አትረብሹት ማለታችን ነው።

አባቴ ከሞተ በኋላም እንዲሁ እላለሁ። የተቀበረው በትውልድ ቀዬው ስለሆነ ደንበኞቹ አልሰሙም። ሰዓቶቹን የምጠግነው እኔ ነኝ። ይህን ቢያውቁ ግን አይመለሱም። ስለዚህ ሰዓቱን ተቀብዬ ጓዳ እገባለሁ፤ ትንሽ ቆሜ እወጣና «ሰላም ብሏችኋል» እላቸዋለሁ።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ አክስቴ፣ «ወንድሜ በቁሙም ዕረፍት አላገኘ። አሁን እንኳ ከሥራ ልቀቂው።»

ሳቅሁ፤ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ትናንት ጠዋት የአባቴ የልብ ወዳጅ፣ ጡረተኛው ሾፌር፣ ሰዓቱን ሊወስድ ቀጠሮ ነበረው። ቢያንስ ለእሱ እውነቱን ልነግረው ወሰንኩ። ሰዓቱን ላመጣ ጓዳ ገብቼ መጋረጃው ከኋላዬ እንደተመለሰ፣ የሱቁ በር ሲከፈት ሰማሁ።

«እንዴት አደርክ?» አለ ሾፌሩ።

ሱቁ ውስጥ ማንም አልነበረም።

«ይመስገን» አለ አባቴ።

«ልጅቷስ? ካየኋት ቆየሁ።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓዳ ናት።»

ሾፌሩ ወንበር ስቦ ቀስ ብሎ ሲቀመጥ ሰማሁት።

«እግዜር ያጥናህ፣ ወንድሜ» አለው።