ጎማው ሳይወርድ

«አሁንም የለም» ይላል አባቷ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «ሮዲ፣ ይሄ ነገር ዲዳ ነው።»

ሮዳስ ስልኳን እንደ አጉሊ መነጽር ላፕቶፑ ፊት ትደቅናለች። ላፕቶፑን አጎቷ ያቤጽ ነው ከቻይና፣ ከጓንዡ በርካሽ ይዞት የመጣው፤ ከቻይንኛ ሌላ ቋንቋ አልለምድም ብሎ ደርቋል። የስልኳ ካሜራ ቻይንኛውን ያነብና በአማርኛ ይነግራታል። እሱም ቢሆን አስተርጓሚ ተብዬ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስፒከሩን «አፈ ጉባኤ» እያለ ነው የሚጠራላት።

«አፈ ጉባኤው በሥራ ላይ ናቸው ይላል» ትለዋለች።

«ምን?»

«ስፒከሩ ይሠራል ነው የሚልህ።»

«ታዲያ ለምን አይጮህም?»

አባቷ ካፒቴን ሃይለኣብ አነስተኛ አውሮፕላን የሚያበር ሰው ነው፤ ነገ ጠዋት ሰው ጭኖ ወደ ጎዴ ይሄዳል። ዛሬ ቅዳሜ ዕረፍቱ ነው። ዕረፍት ብሎ ነገር ግን አያውቅም፤ ቁርሱን እንደጨረሰ የበረራ መለማመጃውን ከፍቶ፣ በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች አናት ላይ እየመጣ ወደ ቦሌ ማረፊያ ይወርዳል፣ ደግሞ ይነሳል፣ ደግሞ ይወርዳል። ሆን ብሎ ጎማውን አይዘረጋም። ጎማ ሳይዘረጋ መሬት የሚጠጋ አውሮፕላን መጮህ አለበት፤ ሆዱ አስፋልቱን እስኪነካ ድረስ፣ ያለማቋረጥ። አብራሪው ቢዘነጋ የሚያስታውሰው ያ ጩኸት ነው። የመለማመጃው አውሮፕላን ግን ትንፍሽ ሳይል ይመጣና በሆዱ ይጋደማል።

ሮዳስ ላፕቶፑን አጥፍታ አብርታዋለች። የድምፁን ፕሮግራም ነቅላ እንደገና ጭናለች። ዘፈን ከፍታ ሞክራለች፤ ዘፈኑ ይሰማል። በመጨረሻ የመለማመጃውን ሴቲንግ በካሜራዋ መስመር በመስመር ስታስስ አንዱ ላይ ትቆማለች። «የማስጠንቀቂያ ድምፅ» ይላል ስልኳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው። ዜሮ ላይ ተኝቷል። እስከ ጥግ ትገፋዋለች።

«በል ካፒቴን፣ አሁን ሂድና ተከስከስ። የእጅ ዋጋዬ ሻዋርማ ነው።»

አባቷ እየሳቀ ጆይስቲኩን ይጨብጣል። አራብሳ ከሥሩ ያልፋል። መሬቱ ይቀርባል። ከዚያ ይጮሃል፤ ቀጭን፣ ሹል፣ እንደ መርፌ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ድምፅ። ሮዳስ ጆሮዋን በመዳፏ ይዛ ምስጋናዋን ትጠብቃለች።

የአባቷ ፊት አይለወጥም። ጭንቅላቱን ወደ ላፕቶፑ ዘንበል ያደርጋል፣ አንድ ነገር እስኪመጣ እንደሚያዳምጥ ሰው። የአውሮፕላኑ ሆድ አስፋልቱን ይነካል። ድምፁ ቀጥ ይላል።

«አሁንም የለም።»

ትስቃለች። አባቷ ፊቱን ሳያፈርስ ሰው ላይ የሚቀልድ ዓይነት ነው፤ ከማን ወረሰችው ሆነና። «ጎበዝ፣ ቀጥልበት» ትለዋለች። እሱ ግን አይስቅም። አልቀለድኩም፣ እንደገና ልውረድ፣ አንቺም በደንብ አዳምጪ ይላታል።

እንደገና ይወርዳል። ድምፁ ይነሳል። የማድ ቤቱ በር ዝግ ነው፣ ከውስጥ ሽንኩርት ዘይት ላይ ይንጫጫል፤ ያም ሆኖ እናቷ አስመረት ከበሩ ጀርባ ትጣራለች።

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ያንን ፉጨት አጥፉልኝ። ጆሮዬን በሳው።»

አባቷ ዞር ይላል። «ምን አለች እናትሽ?»

የሮዳስ ምላስ ለመልስ ሰንፎ አያውቅም፤ ስንት ጊዜ ወላጅ አምጪ ያስባላት እሱ ነው። አሁን ግን መጀመሪያ የማድ ቤቱን በር ታያለች።

«ምሳ ደርሷል ነው የምትለው።»

ትንሽ ትጠብቀን ይልና ወደ ስክሪኑ ይመለሳል። ቀጥሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ለእሷ እንዳትነግሪያት። ባለፈው ሳምንት እውነተኛውም አልጮኸም። ረዳቴ ነው "ካፒቴን፣ ጎማ" ያለኝ። ለቴክኒሻኖቹ ብነግራቸው ፈታትሸው ምንም የለበትም ይላሉ። ዝም ብለው ነው። ነገ ደግሞ የመደቡልኝ አዲስ ልጅ ነው፤ እንኳን እኔን ሊያስታውስ፣ ለራሱም ይደነግጣል።»

ይሄን ብሎ ይስቃል።

ከጣራው በላይ እውነተኛ አውሮፕላን ይመጣል። እነሱ ሰፈር፣ ቦሌ ሚካኤል፣ አውሮፕላን ሲያልፍ ወሬ ይቆማል፤ ሰው ቃሉን አፉ ውስጥ ይዞ ይጠብቅና ካቆመበት ይቀጥላል። አባትና ልጅም ይጠብቃሉ። መስኮቱ ይርገፈገፋል። ሮዳስ አፏ ውስጥ የያዘችው «አባዬ፣ እየጮኸ ነው» የሚል ነው። አውሮፕላኑ ያልፋል። ቃሉ እዚያው ይቀራል።

በሩ ላይ እናቷ ጠዋት ለነገው በረራ የተኮሰችው የአባቷ ነጭ ሸሚዝ ተሰቅሏል፣ ትከሻው ላይ ወርቃማ መስመሮቹን እንደደረደረ። ሌላኛው ላውንደሪ ነው፤ ከሰኞ በፊት አይደርስም፤ ያለ ዩኒፎርም ደግሞ አያበርም። ሮዳስ ከማንጠልጠያው ታወርደዋለች። አባቷ አራብሳ ላይ ነው፣ አያያትም።

ጓሮ፣ ጥቁር ጂንሷ የተዘፈዘፈበት ሳፋ አለ። ውሃው ቀለም ጠጥቶ ጠቁሯል። ሸሚዙን ትነክረዋለች። አንደኛው እጅጌ አየር ይዞ አልሰምጥም ይላል፤ ሰው ክንዱን ያወጣ ይመስል ከውሃው በላይ ብድግ ይላል። ትጫነዋለች።

ከውስጥ ቀጭኑ ድምፅ ይነሳል። ከድምፁ ሥር አባቷ ለራሱ ያንጎራጉራል። ሮዳስ እስከ ክርኗ ተነክራ፣ ወርቃማዎቹ መስመሮች ውሃው ውስጥ እስኪጠፉ ትጫናለች።

ድምፁ ቀጥ ይላል። እንጉርጉሮው ይቀጥላል።