የማናህሎሽ የቴምር ጥንስስ

የደቡብ ሱዳን ሕዝበ ውሳኔ ሊደረግ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ጁባ ውስጥ ማር ጠፋ። ዝናቡ መንገዱን በልቶት ነበር። ጭቃው አንድ የጭነት መኪና ከነሾፌሩ ውጦ በሦስተኛው ቀን ሾፌሩን ብቻ መለሰው። የኮንዮ ኮንዮ ገበያ ነጋዴው አልአሚን ማናህሎሽን ከሩቅ ሲያያት ገና እጁን ያራግባል።

«አሰል ማፊ! ማር የለም እህቴ! ቴምር ውሰጂ!»

ማናህሎሽ ሙኑኪ ሰፈር ውስጥ ጠጅ ቤት ነበራት። ከኢንጂነሩ እስከ ግንበኛው የአገሯ ሰው ከሥራ ሲወጣ እግሩ ሳያማክረው የሚወስደው እሷ ዘንድ ነው። ጌሾ ሞልቷታል፤ ያጣችው ማር ነው። የመጨረሻው በርሜል ማር የሚገኘው «ጁባ ና ባሪ» በሚባለው ሰፈር፣ ተፎካካሪዋ የኔነሽ ቤት ብቻ ነበር። ይህችው የኔነሽ አንድ እሑድ መጥታ በደንበኞች ፊት፣

«ምነው ማናህሎሽ፣ ብርሌዎችሽ ደረቁ? ከቸገረሽ እኔ ጋ የአስተናጋጅ ቦታ አለ» አለቻት።

ማናህሎሽ ቱግ አለች።

«ያለ ማር ጠጅ እጥላለሁ! ጋሽ ተክለማርያም ካንቺ የማር ጠጅ ከለዩት፣ ድስቴን ጠቅልዬ ደሴ እገባለሁ። ካልለዩት ደግሞ አንድ ወር ሙሉ ብርሌ ታጥቢልኛለሽ!»

ይህን በጆሯቸው የሰሙት ሠላሳ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ «እዚያው ነበርኩ» የሚሉት ሦስት ሺህ ደርሰዋል።

ጋሽ ተክለማርያም ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ናቸው። ጠጅ ሲቀምሱ ንቧ የትኛው አበባ ላይ እንዳረፈች ብቻ ሳይሆን፣ በስንት ሰዓት እንዳረፈችም ይናገራሉ።

በማግስቱ ዳክ ከአጥሩ በላይ አንገቱን አሰገገ። ዳክ የእርዳታ ድርጅት ሾፌር ነው። ጋምቤላ በስደተኛ ጣቢያ ስላደገ አማርኛው ከብዙ የአዲስ አበባ ልጅ የጠራ ነው። ቁመቱ ደግሞ አጥር አያውቅም።

«እትዬ ማናህሎሽ፣ ከተሸነፉ የምር ይሄዳሉ?»

«እሄዳለሁ!»

«መቅደላዊትም?»

«ልጄን ለማን ጥያት ልሄድ ኖሯል? ይልቅ ከጀሪካኖቼ ራቅ በል! ጠጅ ስታይ ዓይንህ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ።»

ማናህሎሽ በአራት ነጫጭ ጀሪካኖች አራት ዓይነት ጥንስስ ጣለች። የስኳሩ በአንድ ቀን ተንተክትኮ በሁለተኛው ሞተ። የሸንኮራው ሆምጣጤ ሆነ። የማንጎው ክዳኑን አስፈንጥሮ የቆርቆሮውን ጣሪያ በሳው፤ ክዳኑ የተገኘው የኔነሽ ግቢ ነው ይባላል። የቴምሩ አንድ ሁለቴ ተነፈሰና ጸጥ አለ።

«አንተ ነህ ተስፋዬ» አለችው ማናህሎሽ ጀሪካኑን እያቀፈች። «ተነሥ እባክህ!»

በአምስተኛው ቀን ተነሣ። ከገበያ ስትመለስ ጥንስሱ እንደ ሬዲዮ ያወራል። ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም፤ በብዕር ካሰመረችበት ምልክት አንድ ጣት ከፍ ብሏል።

«መቅደላዊት! እዚህ ማን ገብቶ ነበር?»

«ማንም እማዬ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? የጠጣውን ጠጥቶ በውሃ ሞልቶታል! ሌባው ለክቶ መመለስ እንኳን አያውቅም!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እናት ገበያ ስትሄድ ልጅ ጀሪካኑ አጠገብ ወንበር አስቀምጣ ትጠብቃለች። መቅደላዊት ጆሮዋ ትንኝ ስታዛጋ ይሰማል፤ ያም ሆኖ ሌባው አልተያዘም። በየቀኑ ጥንስሱ አንድ ጣት ከፍ ይላል።

ደግነቱ ውሃ በገባበት ቁጥር እየበረታ ሄደ። «የቴምር ጉልበት!» አለች ማናህሎሽ። ንቦች ሳይቀሩ መጥተው ክዳኑን ይዞሩት ጀመር።

ሌባውን ማወቅ አላቃታትም። ዳክ አንድ ዓይኑ እንደ ፓፓያ አብጦ፣ ሸሚዙ ጭስ ጭስ እየሸተተ በበሩ ሲያልፍ አየችው።

«አጥር ስትዘል ወደቅህ አይደል?»

«እኔ? ኧረ እትዬ፣ አንዲት ጠብታ አልወሰድኩም! እናቴ ትሙት!»

«እናትህን ተዋት፣ ጥንስሴን ተው!»

የፉክክሩ ቀን ግቢው ሞላ። ጋሽ ተክለማርያም ዓይናቸው በነጠላ ታሰረ። የመጀመሪያውን ብርሌ ቀመሱ፤ ሁለተኛውን ቀመሱ፤ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ማናህሎሽ ደሴ የምትወስደውን ሻንጣ በልቧ ሸክፋ ጨርሳለች።

«ማሩ ይሄ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ የማናህሎሽን ብርሌ ከፍ አድርገው። «ንቧም የወንዝ ማዶ ናት፤ ጠዋት ነው የቀሰመችው። ያኛው ግን ስኳር ነካ ነካ አድርጎታል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የኔነሽ ፊቷ ጠቆረ፤ ጨርቅ አንሥታ ወደ ብርሌው ማጠቢያ ሄደች።

«ቴምር ነው! የአልአሚን ቴምር!» የማናህሎሽ እልልታ ነጭ አባይን ተሻገረ። «አንተ ዳክ፣ እየሰረቅኸኝም አሸነፍኩ! ና ግባ፣ ምሬሃለሁ። ጠጣ!»

ዳክ ጎንበስ ብሎ ገባና በዚያች በአንዲት ዓይኑ ጠጁን አየው።

«ጥሩ ቴምር ነው፣ እትዬ» አለ።

በሳምንቱ ኮንዮ ኮንዮ ውስጥ አንዲት ፍሬ ቴምር አልቀረም። ጠጅ ጣይ ሁሉ ጠነሰሰ፤ የማንም አልተነሣም። ምስጢሩን ለሚጠይቋት ማናህሎሽ መልሷ አንድ ነው። «እጅ ነው፣ ልጄ። እጅ!»

መቅደላዊት በአጥሩ ቀዳዳ ለዳክ የዓይን ቅባት እያቀበለች፣ «እማዬ፣ ‹ስታገቢ ሦስት በርሜል የቴምር ጠጅ እጥልልሻለሁ› ብላኛለች፤ ወንዝ ማዶ ይሄን ያህል ቀፎ አለ?» አለችው።