በርሜሉ

ሐኪሙ አልትራሳውንዱን እያየ፣ «እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ የማህፀንሽ በር አጠገብ ተቀምጧል» አለኝ። «ብዙ ጊዜ ማህፀን ሲያድግ አብሮ ከፍ ይላል። እስከዚያ ከባድ ነገር እንዳታነሺ። ደም ካየሽ ቶሎ ነይ።»

በመጀመሪያው እርግዝናዬም ይህንኑ ተብዬ ነበር። ያኔ አማቴ እትዬ ጥሩወርቅ ሳቁ። «እኛ ምጥ እስኪይዘን ውሃ ቀድተናል። እናንተ ስንፍናችሁን በሐኪም ታስመሰክራላችሁ» ብለው ጀሪካን አሳዘሉኝ። ወገቤን እየቆረጠኝ ስመለስ፣ «በርሜሉ ገና አልሞላም» ብለው ድጋሚ ወደ ቦኖው ላኩኝ። እዚያው ደም ፈሰሰኝ፤ ልጄ አልተረፈም።

አሁን ተራው የእኔ ነው። እኔ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ አዛለሁ፤ ጀሪካኑን የሚያዝሉት እሳቸው ናቸው። ከሸክሙ ጎብጠው ሲመለሱ በመስኮት ሳይ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል።

ባለፈው ቀጠሮዬ ሐኪሙ፣ «ከፍ ብሏል፤ ከእንግዲህ አትስጊ» አለኝ። አብረውኝ የሄዱት አማቴ ቤት ስንደርስ፣ «ምን አለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እዚያው ነው» አልኳቸው።

ጀሪካኑን አንስተው ወጡ።

ዛሬ ሸክማቸውን አውርደው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። «በቀጠሮሽ ቀን፣ አንቺ ካርድ ስትመልሺ ገብቼ ሐኪሙን ጠይቄው ነበር» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ከፍ ማለቱን ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን ይቀዳሉ?»

«ለመጀመሪያው» አሉ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ።

 ተነስቼ የበርሜሉን ክዳን ገለጥኩት።

«ገና አልሞላም፣ እትዬ» አልኳቸው።