የአርባ ደቂቃ ዋጋ

የክፍያ መጠየቂያው ሦስት መስመር ነበረው፤ እያንዳንዱም ከሥሩ በማስመሪያ ተሰምሮበታል። ሀ) ከሶዶ በዴሳ የደርሶ መልስ ጉዞ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቅን ጨምሮ፣ አራት ሰዓት። ለ) የመብራትና የቦታ ዝግጅት፣ ሦስት ሰዓት። ሐ) ፎቶ ማንሣት፣ አርባ ደቂቃ።

የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኑ እንዲከፈል የፈቀደው ሐን ብቻ ነው።

ፎቶግራፍ አንሺዋ ዓመለወርቅ ሶርሳ ወረቀቱን ይዛ ሒሳብ ክፍል ገባች። የሒሳብ ሹሙ ጦና ከወንበሩ ተነሣ።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ዓመለወርቅ። ይቀመጡ እንጂ።»

«ለመቀመጥ አልመጣሁም። ሁለቱን መስመር ማን ሰረዛቸው?»

«መመሪያው ነው።»

መልሱ አላረካትም። የዛሬ አራት ዓመት፣ እዚሁ ዩኒየን አስተዳደር ክፍል ትሠራ በነበረበት ጊዜ፣ ጦና ዐሥር ደቂቃ በማርፈዱ የግማሽ ቀን ደመወዙን አስቆርጣበታለች። እሷ አልረሳችውም። እሱም እንዳልረሳው እርግጠኛ ነበረች።

«በዴሳ መጋዘን መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያስመጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «ስልሳ ጆንያ ያስነሣሁት እኔ ነኝ። ቦሎቄ የሚለቅሙት ሴቶች ፊት ላይ ጥላ እንዳይወድቅ ነጭ መጋረጃ የወጠርኩት እኔ ነኝ። ይህ ሁሉ ሥራ ካልሆነ ምንድን ነው?»

ገንዘብ ያዧ አገርነሽ ከጥግ ሣቀች። «ቦሎቄ እንደሁ እግር የለው፣ አይሸሽ! ለሱ ሰባት ሰዓት ሙሉ?»

«ግድግዳሽ ላይ የሰቀልሽው የማንን ሥራ ነው?»

አገርነሽ ቀና ብላ የዩኒየኑን የዘንድሮ የ2004 ዓ.ም. የቀን መቁጠሪያ አየች። ከቦሎቄው ክምር ኋላ የሴቶቹ ፊት እንደ ጠዋት ፀሐይ በርቷል። «እሱስ አምሮበታል» አለች፤ ሣቋ ግን አላቆመም።

ዓመለወርቅ አልሣቀችም። የመብራቶቿ ሁለተኛ ክፍያ ቅዳሜ ይደርሳል። ካልከፈለች የአዋሳው ነጋዴ መጥቶ ይወስዳቸዋል፤ ያለ እነሱ ስቱዲዮዋ ከጉርድ ፎቶ አያልፍም።

«እስቲ መመሪያውን አምጣው።»

ጦና ከመደርደሪያው አንድ ፋይል አወጣ፤ ገጹን ገልጦ የታችኛውን ክፍል በሰፊ መዳፉ ሸፈነ። አንቀጹ ከሥሩ በቀጭን መስመር ተሰምሮበታል።

«አንቀጽ ሰባት። ለጉዞና ለቅድመ ዝግጅት የሚጠፋ ሰዓት ዋጋ የማይጨምር ጊዜ በመሆኑ ክፍያ አይፈጸምበትም።»

«ዋጋ የማይጨምር!» ድምፅዋ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። «ይህን የጻፈ ሰው በሕይወቱ አንድ መብራት ተሸክሞ ያውቃል?»

«የቢፒአር፣ የዚያ የአሠራር ለውጥ ሰሞን ወረቀት ነው» አለ ጦና ቀስ ብሎ። «ያኔ በየሳምንቱ መመሪያ ይወጣ ነበር፤ ማን ምን እንደጻፈ ማን ያስታውሳል። ይልቅ አንዲት ማመልከቻ ይጻፉ። ሥራ አስኪያጁ በልዩ ሁኔታ ይፈቅድልዎታል። እኔ ራሴ ይዤው እገባለሁ።»

«የሠራሁበትን ልለምን? ጦና፣ አንተ ያችን ዐሥር ደቂቃ እየተበቀልከኝ ነው።»

«እሷን ያኔውኑ ነው የረሳኋት።» መዳፉ ግን ከገጹ ላይ አልተነሣም።

ዓመለወርቅ ከቦርሳዋ በሦስት ቅጂ የተተየበ አቤቱታ አወጣች፤ ቆማም አነበበችው። «ለተከበረው የዩኒየኑ ቦርድ። ክፍያዬ እንዳይፈጸም ያደረገው ግለሰብ፣ ማለትም ባዶ ቦታ፣ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ የባለሙያን እንጀራ በብዕር የሚቀማ፣ ለማናቸውም ኃላፊነት የማይመጥን በመሆኑ፣ ስሙ በይፋ እንዲነገርና እንዲወገዝ እጠይቃለሁ።»

እስክሪብቶዋን ከፈተች።

«ቦርዱ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ተሰብስቧል። የቀረኝ ስሙ ብቻ ነው።»

«ይቅርብዎ፣ እኅቴ።»

«እየደበቅኸው ነው!»

«አዎ» አለ ጦና። «እየደበቅኩት ነው።»

«መዳፍህን አንሣ!»

አገርነሽ ሣቋን አቆመች። ጦና ፋይሉን እንደያዘ መጀመሪያ በሩን ዘጋ፤ ከዚያ ተመልሶ መዳፉን አነሣና ገጹን ወደ ዓመለወርቅ አዞረላት።

«አዘጋጅ፦ ዓመለወርቅ ሶርሳ፣ አስተዳደር ክፍል፣ ጥቅምት 2000 ዓ.ም.»