ቀርቷል የተባለው ፈተና

«ቀረ እኮ ነው የምልሽ፣ እማዬ! ፈተናው ቀረ!»

ነርሷ ስልኳን እንደያዘች የእናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። በቋንቋ መፈተኛው ጣቢያ ኮሪደር ተደርድረው ተራቸውን የሚጠብቁት ተፈታኞች ሁሉ ዞር ብለው አዩዋቸው። ወሬው የደረሳት የውጭ አገር ነዋሪዎች ከሚጻጻፉበት የስልክ ቡድን ነበር። አላመነችም። ሮጣ ሄዳ መስኮቱ ጋ ያለችውን ጸሐፊ ጠየቀቻት። እውነት ነው፤ ሕጉ ተሻሽሏል። ዕድሜው ከስድሳ ያለፈ የውጭ ዜጋ የመኖሪያ ፈቃዱን ለማሳደስ ከእንግዲህ የቋንቋ ፈተና አይጠየቅም።

«እንኳን ደስ አላችሁ፤ ወደ ቤታችሁ መሄድ ትችላላችሁ» አለች ጸሐፊዋ።

እናትየው ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ዛሬ ከወደቀች ፈቃዱ አይታደስም፣ ሻንጣ መሸከፍ ነው ተብለው ነበር። ነርሷ ሰሞኑን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። አሁን ግን ደረቷ ላይ ተጭኗት የከረመው ቋጥኝ ተንከባሎ ወደቀ።

«ተነሽ በቃ፣ እንሂድ!»

እናትየው ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም።

«ማን ነው ቀረ ያለው?»

«መንግሥት ነዋ!»

«መንግሥት አብሮኝ አጥንቷል? ዓመቱን ሙሉ ግስ ሳላምጥ የት ነበር?»

ነርሷ ሳቋ አመለጣት። እውነትም እናቷ ድስት ስታጥብ፣ ልብስ ስታጥፍ፣ ደረጃ ስትወጣ ስታጠና ነው የከረመችው። «ትናንት ሄድኩ፣ ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገም እሄዳለሁ» እያለች በረንዳ ላይ ስትደጋግም የሰማ ጎረቤት፣ መንገደኛ መስላው «በሰላም ይመለሱ» ብሏት ነበር።

«እማዬ፣ ሰው ከገደል አፋፍ ሲመልሱት ካልገባሁ ይላል?»

«አንቺማ ምን አለብሽ! እንደ ልብሽ ታወሪያለሽ። አፌን በመቀነት ቋጥሬ የከረምኩት እኔ ነኝ።»

እውነቷን ነው። ሐኪም ቤት ስትሄድም፣ ገበያ ስትወጣም፣ አከራይ ሲመጣም እናቷ በጆሮዋ ሹክ ትላታለች፤ ነርሷ ትናገርላታለች። እንዲህ መሆኑ ለእናቷ እንደሚመቻት ነበር የምታስበው።

በዚህ መሐል የፈተናው ክፍል በር ተከፈተ። ፈታኟ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ቀጭን ሴት፣ የእናትየውን ስም ሰባብራ ጠራች። ነርሷ ብድግ ብላ ነገሩን ልታስረዳ አፏን ስትከፍት፣ እናቷ በእጇ ከለከለቻትና በዚያው በሰው አገር ቋንቋ፣

«እኔ ነኝ። እገባለሁ» አለች።

«ግዴታ የለብዎትም እኮ። አልሰሙም?»

«ሰማሁ። እኔ ፈተና እፈልጋለሁ።»

ፈታኟ ግራ ተጋብታ ሁለቱንም አየቻቸው። ከዚያ ፈገግ ብላ፣ «እንግዲያውስ ይግቡ» አለች።

በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ። ነርሷ ተጠግታ በክፍተቱ እያየች ጆሮዋን ጣለች።

«ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?»

 ነርሷ ሳታውቀው ከንፈሯ መልሱን ሲያነበንብ ያዘችውና በጥርሷ ነከሰችው።

«ከልጄ ጋር» አለች እናትየው በመጨረሻ። «ልጄ ነርስ ናት። ጎበዝ። ግን ትቸኩላለች።»

በሩ አጠገብ የተቀመጡት ተፈታኞች ነርሷን አይተው ሳቁባት።

«ጥሩ። አሁን እኔ ባለሱቅ ነኝ እንበል። እርስዎ ደግሞ የጠረጴዛ ልብስ ሊገዙ መጥተዋል።»

ወንበር ሲንቀጫቀጭ ተሰማ። እናትየው እኮ የዕድሜዋን እኩሌታ በአገሯ ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት።

«ስንት ነው?»

ፈታኟ ዋጋ ጠራች።

«ውይ!» ይህቺ እንኳ ከአገር ቤት የመጣች የአማርኛ ቃል ነበረች። «ውድ ነው! እህቴ፣ ይህ ጨርቅ አንድ ጊዜ ይታጠባል፣ ያልቃል።»

«ኧረ ጥሩ ጨርቅ ነው!»

«አሳዪኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ምንም ጨርቅ የለም። እናትየው ግን ከአየሩ ላይ አንስታ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል አሸት አደረገችው፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግታም አየችው። ፊቷ ተጨማደደ።

«ጥጥ አይደለም።»

ፈታኟ መነጽሯ ከግንባሯ እስኪወርድ ሳቀች። ዋጋ ቀነሰች። እናትየው ራሷን ነቀነቀች። አሁንም ቀነሰች። በዚህ ጊዜ እናትየው ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሣች፤ «ደህና ዋይ፣ ሌላ ሱቅ አለ» ብላም ወደ በሩ መራመድ ጀመረች።

«ይመለሱ! ይመለሱ እንጂ!» ፈታኟ ከኋላዋ ጮኸች። «እሺ፣ ባሉት ይውሰዱት!»

ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ። ነርሷ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። የሳቅ እንባ ይሁን ሌላ፣ ራሷም አልለየችውም። ይህችን ሴት ታውቃታለች፤ ልጅ ሳለች ከሱቅ መደርደሪያ ሥር ተቀምጣ ድምጿን ስትሰማ ነው ያደገችው። እስከ ዛሬ ግን አገር ቤት የቀረች እንጂ አብራት አውሮፕላን የተሳፈረች አይመስላትም ነበር።

እናትየው ስትወጣ ፊቷ ወገግ ብሏል።

«አለፍኩ» አለች በአማርኛ። «በደንብ አለፉ ነው ያለችኝ። ልክ ይህንኑ ቃል።»

ነርሷ አቅፋት ገና ሳትለቃት፣ ጫማው ላይ ሲሚንቶ የደረቀበት፣ ከሌላ አገር የመጣ ጎልማሳ ከወንበሩ ቀና አለ። ተረኛው እሱ ነው። እጆቹን ጉልበቱ ላይ እያፋተገ፣ በተሰባበረ አነጋገር፣

«ከባድ ነው?» ሲል ጠየቀ።

ነርሷ እንደ ልማዷ ልትመልስለት ዞረች። እናቷ ግን ቀድማት ከሰውየው ጎን ቁጭ ብላ ነበር።

«አይዞህ ልጄ፣ ሴትዮዋ ደግ ናት» አለችው በዚያው በሰው አገር ቋንቋ። «ከየት ነህ? እናት አለችህ?»

ሰውየው ፊቱ ፈታ አለና ማውራት ጀመረ። ነርሷ የከፈተችውን አፍ ገጥማ፣ ራቅ ካለው ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች፤ ጨዋታቸውን እስኪጨርሱ ልትጠብቅ።